በለድ ያሉት ቤቶችና እኛ

ጅዳ ውስጥ ለምንኖር ሰዎች «በለድ» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ገበያው ነው። ርካሽ ጨርቅ፣ ሻንጣ፣ ወርቅ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ብርድ ልብስ። ዓርብ ከሰዓት እዚያ ተቀጣጥሮ የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ከሱቆቹ በላይ ግን ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው አራትና አምስት ፎቅ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ የሆኑ አሮጌ ቤቶች አሉ። ግድግዳቸው ነጭ፣ መስኮታቸው እንደ ሳጥን ወደ መንገድ የወጣ የተቀረጸ እንጨት። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ እነዚያ ቤቶች ነው። ከመካከላቸው ታድሰው ሆቴል የሆኑ አሉ፤ ታሪካቸውም ከምናስበው በላይ የኛ ታሪክ አለበት። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. እያልኩ እለየዋለሁ።)

ከከተማው ልጀምር። ከነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በፊት ጀምሮ የመካ ሰዎች የሚገለገሉበት ወደብ ጅዳ አልነበረም፤ ከጅዳ በስተደቡብ ያለው ሹዓይባ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች መካ ውስጥ መከራ ሲበዛባቸው በ615 አካባቢ በመርከብ ተሳፍረው ወደ ነጃሺ አገር የተሻገሩት ከዚያ እንደሆነ ይተረካል። መካዎች እኛ ዘንድ ስደተኛ የነበሩበት ጊዜ ማለት ነው። በ647 ኸሊፋው ዑስማን የመካን ወደብ ወደ ጅዳ አዛወሩት። ከዚያ ወዲህ በባሕር የሚመጣ ሐጃጅ ሁሉ እግሩ መጀመሪያ የሚረግጠው ጅዳን ሆነ። ዩኔስኮ በ2014 የድሮውን ከተማ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የሰጠው ስምም ይህንኑ ይናገራል፦ «ታሪካዊቷ ጅዳ፣ የመካ በር»።

አሁን የምናያቸው ትልልቅ ቤቶች አብዛኛዎቹ የተሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፈተ፤ የእንፋሎት መርከብ በዛ፤ ሐጃጁም ንግዱም ጨመረ። ገንዘብ ያገኙ ነጋዴዎች ወደ ላይ ገነቡ። ከተማው በአጥር ግንብ የተከበበ ስለነበር ወደ ጎን መስፋት አይቻልም ነበርና።

አሠራራቸው የሚያስገርም ነው። ድንጋዩ ከቀይ ባሕር የወጣ ኮራል ነው። ለመጥረብ ቀላል ነው፣ ጠንካራ ግን አይደለም፤ ስለዚህ በየተወሰነ ከፍታ በግድግዳው ውስጥ አግዳሚ እንጨት ያስገቡበታል፤ ክብደቱን እንዲያከፋፍልና ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ። ከላይ በኖራ ይለሰናል። ወደ መንገድ የወጣው የእንጨት መስኮት «ሮሻን» ይባላል፤ እንጨቱ ከሕንድና ከዚያም ማዶ በመርከብ የመጣ ነው። ሮሻን ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። የባሕሩን ነፋስ ይስባል፣ ፀሐይን ይከለክላል፣ ውስጥ ያለች ሴት ውጭውን እንድታይ፣ ውጭ ያለ ሰው ግን እሷን እንዳያይ ያደርጋል። የሸክላ ውኃ ማሰሮም እዚያ ይቀመጣል፤ ነፋሱ ሲመታው ይቀዘቅዛል። የምፅዋን አሮጌ ቤቶች ያየ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ምፅዋ፣ ሰዋኪን፣ ጅዳ፣ ሦስቱም በአንድ ባሕር ዙሪያ በአንድ ዓይነት ድንጋይና በአንድ ዓይነት እጅ የተሠሩ ናቸው።

ከሁሉም ስመ ጥሩ በዓለዊ ገበያ መንገድ ላይ ያለው የነሲፍ ቤት ነው። ግንባታው በ1872 ተጀምሮ በ1881 አለቀ፤ ያሠሩት ዑመር ነሲፍ የሚባሉ የጅዳ ታላቅ ሰው ናቸው። በደጁ ያለው የኒም ዛፍ በአንድ ወቅት በከተማው ብቸኛው ዛፍ ስለነበር ቤቱን «ዛፍ ያለበት ቤት» ይሉት ነበር። የውስጡ ደረጃ ሰፊና ዝቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ግመል ጭነቱን እንደተሸከመ እስከ ላይኛው ፎቅ ይወጣበት ነበር ይባላል። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 መጨረሻ ጅዳ ከረጅም ከበባ በኋላ እጅዋን ስትሰጣቸው ያረፉት በዚሁ ቤት ነው። በኋላ የቤቱ ባለቤት የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ ነሲፍ መጻሕፍት ወዳጅ ነበሩ፤ የሰበሰቡት ቤተ መጻሕፍት አሁን በንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ግቡና እዩት።

የነሲፍ ቤት ሆቴል አልሆነም። ሌሎቹ ግን ሆነዋል። ጁኽዳር ቤት፣ ረይስ ቤትና ከድዋን ቤት የሚባሉት ሦስት አሮጌ ቤቶች በቅርብ ዓመታት ታድሰው እንግዳ ይቀበላሉ። ሮሻናቸው ተጠግኖ፣ ግድግዳቸው እንደገና ተለስኖ፣ አልጋ ተነጥፎባቸው። ለዚህ የበቁት በአንድ ቀን አይደለም። በ1970ዎቹ የጅዳ ከንቲባ የነበሩት ሙሐመድ ሰዒድ ፋርሲ የድሮውን ከተማ ማፍረስ እንዲቆም ባያደርጉ ኖሮ ዛሬ የሚታደስ ነገር ባልተገኘም ነበር። በ2019 ልዑል አልጋ ወራሹ ለ56 ሕንጻዎች ጥገና 50 ሚሊዮን ሪያል መደቡ፤ በ2021 ደግሞ የመላው ሰፈር ማደሻ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ የመጣሁት በ2003 ዓ.ም. በኮንትራት ነው፤ ከወሎ። የመጀመሪያ ቤቴን ብዙ አላወራበትም፤ ፓስፖርቴ በሌላ ሰው መሳቢያ፣ እኔ በዕቃ ማስቀመጫ ክፍል፣ ያው እናንተም የምታውቁት ነው። ሁለተኛው ቤት ግን ዕድሌ ነበር። እዚያ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት እጦር ነበር፤ «ሲቲ» እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ በሒጃዞች ቋንቋ «አያቴ» እንደማለት ነው። ሲቲ ተወልደው ያደጉት በለድ ነው። እግራቸው ከመድከሙ በቀር ትዝታቸው እንደ ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ በጋሪ ወንበራቸው እየገፋሁ በለድን ከዳር እስከ ዳር አዞርኳቸው። የገዛ ቤታቸው በብረት አጥር ታጥሯል፣ ጥገና ላይ ነው። ቆም አልን።

«እዚህ ታች» አሉኝ በጣታቸው፣ «አባቴ ነጋዴዎችን ይቀበል ነበር። ሐጅ ሲደርስ ታችኛውን ሁሉ ለሐጃጅ እንለቃለን። ከጃቫ፣ ከሕንድ፣ ከግብፅ። እኛ ልጆቹ ወደ ላይ እንሰደዳለን፤ ጣራው ላይ ነው የምንተኛው። ደስታችን እሱ ነበር።»

ይህ ነገር ቆም አድርጎ አሳሰበኝ። ለካስ ቤቱ አሁን አይደለም የእንግዳ ማረፊያ የሆነው! ድሮውንም ነበር። ጅዳ ሐጃጅን ተቀብላ የምትሸኝ ከተማ ስለሆነች ባለጸጋውም ደሃውም በዓመት አንድ ጊዜ ቤቱን ያከራይ ነበር። መካማ የባሰ ነበር፤ ባለቤቱ ቤቱን በሙሉ ለሐጃጅ ለቅቆ ጣራ ላይ ይወጣል፤ የዓመት ቀለቡ እሱ ነው። ስለዚህ «ታላቅ ቤት ሆቴል ሆነ» ሲባል አዲሱ ነገር እንግዳው አይደለም፣ የቤቱ ሰዎች አለመኖራቸው ነው።

ከዚያ ሲቲ ቀጠሉ፤ እኔም ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። «ዳዳችን ደግሞ እዚያ ከደረጃው ሥር ነበር የምትተኛው። እንዳንቺ ሐበሻ ነበረች።» ዳዳ ማለት ልጅ አሳዳጊ ነው። ስሟን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ፤ የቅመም ስም ነው። «እሱ ቤት ውስጥ የወጣላት ነው» አልኳቸው፣ «እናቷ ያወጣችላት ስምስ?» ሲቲ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ወላሂ ማንም ጠይቋት አያውቅም» አሉኝ። ያቺ ሴት አዝላቸዋለች፣ አጥባቸዋለች፣ በሌሊት ስትዘፍንላቸው የነበረው ቋንቋ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጋሪውን ገፋሁ፣ ሻይ ገዛሁላቸው።

ታሪኩን እንዲህ ነው የምናውቀው። ባሪያ ፍንገላ ሕዝባችንን በቀይ ባሕር ማዶ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያፈስ ነበር። በ1885 መካ ገብቶ ለወራት የኖረው ሆላንዳዊው ስኑክ ሁርግሮንዬ ስለ ከተማው በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ በመካዎች ቤት ስለነበሩት ሐበሾች በሰፊው ጽፏል። ሳዑዲ ዓረቢያ ባርነትን በሕግ የከለከለችው በ1962 ነው። ሩቅ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የተወለዱ ሰዎች ዛሬ ስልሳ ዓመት አልፏቸው በሕይወት አሉ። እነዚያ ግመል የሚወጣባቸው ደረጃዎች፣ ውኃ የሚቀዘቅዝባቸው ሮሻኖች፣ ጣራ ላይ የሚነጠፉት ፍራሾች፣ ሁሉም ሰው ይፈልጉ ነበር። ውኃው ተሸካሚ አለው፤ ፍራሹ አንጣፊ አለው።

ኧረ እኔ የጥንቱንና የዛሬውን አንድ ነው አላልኩም። እኛ በኮንትራት መጥተናል፣ ደመወዝ አለን፣ ኢቃማ ያለን ኢቃማችንን ይዘን እንሄዳለን። ልዩነቱን ማቃለል ለእነዚያ ሴቶች ግፍ ነው። ነገር ግን አንድ የሚያገናኘን ነገር አለ፤ የቤት ታሪክ ሲጻፍ የባለቤቱ ስም፣ ያረፈው ንጉሥ፣ የተሠራበት ዓመት ይጻፋል፤ ወለሉን የጠረገው ሰው አይጻፍም።

እንዲያውም የበለድ ቤቶች ሁለተኛ ዕድሜ አላቸው፤ እሱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የስደተኛ ነው። የከተማው ግንብ በ1947 ፈረሰ። የነዳጅ ገንዘብ መጣ፣ መኪና መጣ፣ ኤሲ መጣ። ባለቤቶቹ ሰፊ ቪላ ሠርተው ወደ ሰሜን ወጡ። ቤቶቹ ክፍል በክፍል ተከራዩ፤ ለየመኒ፣ ለሱዳን፣ ለሶማሌ፣ ለኛም ሰው። አንድ ቤተሰብ ይኖርበት በነበረ አዳራሽ ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ሰው ፍራሽ ዘርግቶ አደረ። ሮሻኑ ተቀዶ ኤሲ ተሰካበት። የባሕር ጨው ከሥር እየወጣ ድንጋዩን በላው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሐረግ ተጠላልፎ ስንቱን ቤት እሳት በላው። ብዙዎች «ስደተኛ አበላሸው» ይላሉ። እኔ ግን ሌላ ነገርም ይታየኛል። ባዶ የተተወ የኮራል ቤት ጣራው ካፈሰሰ ቶሎ ነው የሚወርደው። እነዚያ ተከራዮች በር ዘግተው ከፍተው፣ ጣራ ደፍነው፣ ባሉበት አኖሩት። ማንም በማይፈልገው ጊዜ የኖሩበት እነሱ ናቸው።

ከዚያ እነሱም ወጡ። በ2013 መጨረሻ የተጀመረውን የመመለስ ዘመቻ የማያስታውስ የለም፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገር ተመለሱ። በ2021 መጨረሻና በ2022 ደግሞ ከበለድ ውጭ ያሉት የድሃ ሰፈሮች ፈረሱ፤ ገሊል፣ ፔትሮሚን፣ ከረንቲና። የኛ ሰው በብዛት የነበረባቸው ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ትዝታውም አብሮ ይበተናል፤ አንዱ ሪያድ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ የት እንዳለ አይታወቅም።

መካ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሲቲን ይዤ ዑምራ ሄጃለሁ፤ ጠዋፉን በጋሪ ገፍቼ አስደርጌአቸዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ከሐረሙ ስንወጣ ወደ ሰዓቱ ማማ አሳዩኝና «የእናቴ ዘመዶች ቤት እዚያ አጅያድ በኩል ነበር» አሉ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ቤት የለም። አጅያድ ላይ የነበረው የዑስማኒዮች ምሽግ በ2002 ፈረሰ፤ በቦታው የቆመው የሰዓት ማማ 601 ሜትር ይረዝማል። ሐረሙ እየሰፋ ሲሄድ የድሮው መካ ቤቶች ከነሮሻናቸው ሄደዋል። ሐጃጁ በሚሊዮን ስለሚቆጠር ቦታ ያስፈልጋል፤ ይገባኛል። ግን ሁለቱን ከተሞች አስተያዩአቸው። በመካ ሆቴሉ አሮጌውን ቤት ተካው፤ በጅዳ አሮጌው ቤት ራሱ ሆቴል ሆነ። ከሁለቱ ሲቲ የሚመርጡትን አውቃለሁ። «ቢያንስ በሩን አየሁት» ነበር ያሉኝ ስለ ጅዳው ቤት።

ከታደሱት ቤቶች በአንዱ የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ አለች። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል ትላለች፤ የተቀረጸው እንጨት በለስላሳ ብሩሽ ነው አቧራው የሚነሣው፣ እንደ ቪላ መስኮት ውኃ አይረጭበትም። እንግዶች ሮሻኑን፣ ጣራውን፣ ድንጋዩን ይጠይቋታል፤ አሁን እንደ አስጎብኚ ሆናለች። «ስለሠራተኞቹ የጠየቀሽ አለ ወይ?» አልኳት። «አንድ የለም» አለችኝ። «አንቺስ ትነግሪያቸዋለሽ?» ስላት ሳቀች። «እንግሊዝኛዬ እዚያ ድረስ አይሄድም።»

አገራችንን ደግሞ አስቡ። ፒያሳ ያለው ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. የተሠራ ነው፤ ጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶት ታድሶ ቆሟል። ሐረር ጀጎል በ2006 በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ እዚያ አንዳንድ ባህላዊ ቤቶች የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። በሐረሩ ነገር የሚገርመኝ ባለቤቶቹ አለመውጣታቸው ነው። እንግዳው ከላይ በተደራረቡት መደቦች መካከል ተቀምጦ ቡናውን ከቤቱ እመቤት እጅ ይጠጣል። ገንዘቡም እዚያው ይቀራል፣ ታሪኩንም የምትነግረው ራሷ ናት። ስንቶቻችን ነን ለፍተን ያጠራቀምነውን ገንዘብ የአያታችንን ቤት አፍርሰን ብሎኬት የምንደረድርበት? የደሴ ልጅ ስለሆንኩ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አሮጌ ነገር ውድ መሆኑን የተረዳሁት ግን ጅዳ መጥቼ፣ በሰው አገር፣ ሰው ሲጠግን አይቼ ነው። ቤት ለመሥራት የምታስቡ፣ እባካችሁ ከማፍረሳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሽማግሌ ጠይቁ፣ አናጢ ጠይቁ። ጭቃና ጥድም ቢሆን በአግባቡ ከተጠገነ ይከርማል።

አሁን ወደ ማኅበራችን። በመካከላችን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በለድ ውስጥ የኖሩ እናቶችና አባቶች አሉ። የትኛው ቤት፣ ስንተኛ ፎቅ፣ ከማን ጋር፣ ኪራዩ ስንት፣ ውኃው ከየት፣ ዒድን እንዴት አሳለፋችሁ፣ ማን ታመመ፣ ማን ተዳረ። ቤቶቹ አንድ በአንድ እየታጠሩና እየታደሱ ስለሆነ አሁን ሄደን «ይሄ ነው» ካላልን በሚቀጥለው ዓመት በቀለሙ አናውቀውም። ከሲቲ ቤተሰብ ዓይነት የድሮ የጅዳ ሰዎች ቤት የምትሠሩ እህቶችም አላችሁ። ሽማግሌዎቹ ማውራት ይወዳሉ፣ ጠይቋቸው። ዳዳቸው ማን ነበረች? ከየት ነው የመጣሁ ትል ነበር? የምታውቀው ዘፈን፣ የምትሠራው ምግብ ምን ነበር? አንዳንዴ ከአንድ የምግብ ስም አገሯ ይታወቃል።

ሲቲ ባለፈው ዓመት ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ከመሞታቸው በፊት አንድ ቀን ማታ መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው በድንገት «እሹሩሩ» አሉኝ። ደነገጥኩ። «ዳዳ እንዲህ ነበር የምትለው፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ምን ማለት ነው?» ነገርኳቸው። አማርኛ ነበር እንግዲህ የምትናገረው፤ ስሟን አጥተን ቋንቋዋን አገኘን። በደብተሬ ላይ ቀኑንና ቤቱን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ።

እናንተም ጻፉ። መጻፍ የማይመቻችሁ በስልካችሁ ቅዱት፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የምንቀይር ልጆች አለን። ለመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ወይም በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ለኔ ብትሰጡኝ አሰባስበዋለሁ። የሰው ስም የሚጎዳ ከሆነ ስሙን እንተወዋለን፤ ቤቱንና ዓመቱን ግን አትርሱ።